ይግባኝ የት ላይ ያበቃል? ከአምባሰል እስከ ሰበር ችሎት

ምኒልክ በሚያዝያ 1881 ከጣሊያን ጋር የተዋዋሉባት ውጫሌ ዛሬ የአምባሰል ወረዳ ከተማ ናት። የምኒልክ የፈረስ ስም «አባ ዳኘው» ነበር፤ በዚያ ዘመን የመጨረሻው ዳኛም ንጉሡ ነበሩ። የተፈረደበት ሰው ጉዳዩን ወደ አፈ ንጉሡ፣ ከዚያም ወደ ዙፋን ችሎት ይወስድ ነበር። እዚያ ለመድረስ ስንቅና ጉልበት ይጠይቃል እንጂ የንጉሥ በር በሕግ የተዘጋበት ጊዜ የለም።

በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ይህን ልማድ አልሰረዘውም። ቁጥር 183 ይግባኙን የጨረሰ ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ ችሎት አቤት ከማለት እንደማይከለከል ይናገራል። ዙፋኑ በ1967 መባቻ ሲወርድ ግን ይህ በር አብሮ ወደቀ። በዚያው ዓመት ኅዳር 14 የተገደሉት ስድሳ ያህል ባለሥልጣናትና መኮንኖች ይግባኝ ቀርቶ ክስም አልተሰማባቸውም። ከፍተኛ ባለሥልጣናት በነበሩበት አገር አንድ ተራ ገበሬ ምን ተስፋ ሊኖረው ኖሯል?

ዛሬ ይግባኝ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተረጋገጠ መብት ነው። ገደቡ የቀን ቆጠራ ነው። ሐይቅ ከተማ ላይ የተፈረደበት ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለቱን ማስታወቅ፣ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ የይግባኝ ማመልከቻውን ማቅረብ አለበት። ቀኑ ያለፈው በራሱ ጥፋት ካልሆነ ማስፈቀድ ይችላል። መንገዱ ከወረዳው ወደ ደሴ፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር፣ ሲብስም ወደ አዲስ አበባ ነው። ሐይቅ ለደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ጠበቃ ማቆም ለማይችል ቤተሰብ ሌላ ነገር ነው።

ይግባኝ ደግሞ የተከሳሽ ብቻ አይደለም። ዐቃቤ ሕግም ይላል። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት በጥር 1999 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸው፣ በዐቃቤ ሕግ ይግባኝ በግንቦት 2000 ቅጣቱ ወደ ሞት ተለወጠ።

መጨረሻ ላይ ሰበር አለ። ሰበር ግን ሦስተኛ ይግባኝ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ ነው። ሦስት ዳኞች አጣርተው «አያስቀርብም» ካሉ መዝገቡ ተዘጋ። «ምስክሩ ዋሽቷል» ማለት እዚያ ብዙም አያስኬድም።

እንግዲህ ምስክሩ ከዓመታት በኋላ በሐሰት መመስከሩን ቢያምንስ? በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 6 ሐሰተኛ ሰነድ፣ የሐሰት ምስክርነት ወይም ጉቦ ከፍርድ በኋላ ሲገለጥ ጉዳዩ ዳግም እንዲታይ ይፈቅዳል። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ የዚህ አቻ የለም። በመሬት ክርክር ተረትቶ የነበረ ሰው፣ ሰነዱ ሐሰተኛ እንደነበር ሲታወቅ፣ የሚያንኳኳው በር አለው። በሐሰት ምስክር ወህኒ የወረደው ጎረቤቱ የቀረው ይቅርታ መጠየቅ ነው፤ ይቅርታ ደግሞ የሚጠየቀው ጥፋተኛ ተብሎ ነው።