ጥላው የማን ነው?

በለንደን ምሥራቅ፣ በኋይትቻፕል ሠፈር፣ ድኃው ሕዝብ ተፋፍጎ ይኖር ነበር። በዚያ ከባለቤታቸው ጋር ለዓመታት ያገለገሉት ሄንሪዬታ ባርኔት በከተማዪቱ ሰሜን ሌላ ዓይነት ሠፈር ሊያሠሩ ተነሡ። በ1907 እ.ኤ.አ. 243 ኤከር መሬት፣ በእኛ ልክ ሁለት ጋሻ ተኩል ገደማ፣ ተገዛ። ስሙም ሃምፕስቴድ ጋርደን ሰበርብ ተባለ።

ነዳፊው ሬይመንድ አንዊን ነባሩን ጫካ ሳያስቆርጥ ቤቶቹን በዙሪያው አሰፈረ። በአንድ ኤከር በአማካይ ከስምንት ቤት እንዳይበልጥ፣ መንገዱ ዳርና ዳር ዛፍ እንዲኖረው፣ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚለየው ግንብ ሳይሆን የቁጥቋጦ አጥር እንዲሆን፣ ጫካውም ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ታቀደ።

ዓላማው ሀብታምና ድኃ ጎን ለጎን እንዲኖሩ ነበር። ዳሩ ግን ዛፉ ሲያድግ የቤቱም ዋጋ አብሮ አደገ። ዛሬ ሠፈሩ ከለንደን የባለጸጎች መኖሪያዎች አንዱ ነው። ንድፉ ሠመረ፤ ድኃው ግን አልቀረበትም።

ወገኖቼ፣ እኛም በየመጠለያችን ደጃፍ ችግኝ እየተከልን ነው። አገር ገብተን ሠፈር ስንቆረቁር፣ ውሃ ተሸክሞ ያጠጣው ሰው ከጥላው ሥር እንዳይነሣ፣ ደንቡን ከችግኙ ጋር አብረን እንትከል።