ግልገል ጊቤና የእናቶቻችን «ቆይ»

በማኅበራችን ስብሰባ አዲስ ነገር በቀረበ ቁጥር፣ የስልክ ቁጠባም ይሁን አዲስ የዘር ዓይነት፣ ከኋላ አንድ ድምፅ አይጠፋም፤ «ቆይ፣ እስቲ ይታይ» የሚል። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ በዕድሜ የገፉት እናቶቻችን ናቸው። ወጣቶቹ ይስቃሉ። ለጉብኝት የሚመጡ እንግዶችም «እነዚህ ሴቶች ለውጥ ይፈራሉ» ብለው ይሄዳሉ። እኔም ብዙ ጊዜ እንደዚያ አስብ ነበር። የአካባቢያችንን የቅርብ ዘመን ታሪክ ማገላበጥ ስጀምር ግን ይህ «ቆይ» ከፍርሃት ሳይሆን ከትዝታ የሚመጣ መሆኑን ተረዳሁ። ትዝታው ደግሞ በደጃችን ተኝቷል፤ የግልገል ጊቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው።

የግልገል ጊቤ ግድብ ሥራ በደርግ ዘመን፣ በ1978 ዓ.ም. አካባቢ፣ በሰሜን ኮሪያ እገዛ ተጀመረ። ብዙም ሳይገፋ ቆመ። መንግሥት ተለወጠ፤ በ1990 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ብድር ተፈቀደ፤ ግንባታውን የጣሊያኑ ሳሊኒ ኩባንያ ይዞት በ1996 ዓ.ም. 184 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀመረ። ይህ በወረቀት ላይ ሦስት መስመር ነው። ለገበሬው ግን ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ነው። «ትነሣለህ» የተባለ ሰው ቡና ይተክላል? ቤቱን ቆርቆሮ ያለብሳል? ልጁን በዚያው ጎጆ ያወጣል? አንዱ መንግሥት የተናገረውን ሌላው ሳይፈጽመው ሲቆይ፣ ሰው የሹምን ቃል በግማሽ ጆሮ መስማት ቢለምድ ምን ይገርማል?

ውኃው ሲተኛ 50 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት ሸፈነ። በግድቡ ምክንያት የተነሡት ሰዎች ቁጥር ወደ 10,000 ይጠጋል። ካሳ ሲቆጠር የሚቆጠሩ ነገሮች አሉ፤ ቤት፣ ቋሚ ተክል፣ የእርሻ ማሳ። የማይቆጠሩም አሉ። ምንጩ ከቤት ምን ያህል ይርቅ እንደነበር አይቆጠርም። ስታርስ ገንፎ ይዛ የምትመጣ ጎረቤት አትቆጠርም። እድሩ፣ ዕቁቡ፣ እንጨት የሚለቀምበት ጫካ አይቆጠርም። እነዚህ ሁሉ በሴት ትከሻ ላይ ያሉ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ መዝጋቢው ትክክል ጻፈ ብንል እንኳ፣ የሴቷ ኪሳራ ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል።

ከዚያ የወባ ነገር መጣ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2001 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ ከሐይቁ በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖሩ ከ10 ዓመት በታች ልጆች፣ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ ለወባ የተጋለጡ ሆነው አገኟቸው። ውኃ ሲተኛ ትንኝ እንደሚበዛ ማሰብ ትምህርት አይጠይቅም፤ ጥናቱ ግን ግምቱን ማስረጃ አደረገው።

ስለ ቴክኖሎጂም የምንማረው በቅርባችን አለ። ግልገል ጊቤ አንድ የተጠቀመበትን ውኃ በጎረቤታችን በየም፣ በፎፋ ተራራ ሥር በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ አሳልፎ ሌላ 420 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ግልገል ጊቤ ሁለት ተሠራ። ግንባታው ያለ ጨረታ ለዚያው ኩባንያ ተሰጠ። በ1999 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የቁፋሮ ማሽኑን ጭቃ ገፍቶ አቆመው፤ ሥራውም ከታቀደለት ጊዜ ዘገየ። ጥር 2002 ዓ.ም. በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተመረቀ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዋሻው በከፊል ተደረመሰ። ተጠግኖ ወደ ሥራ የተመለሰው በ2003 ዓ.ም. ነው። ትልቅ ስምና ትልቅ ማሽን መሳሳትን አያስቀሩም።

እንግዲህ «ሁሉም ውሸት ነው» እንበል? አይደለም። ሁለቱም ጣቢያዎች ለአገሪቱ ትልቅ ኃይል ሰጥተዋል። በአናታችን የሚያልፈው ወፍራም ሽቦ ለምን መንደራችንን እንደማያበራ ብዙዎቻችን «ሸጡብን» ስንል እንሰማለን። ነገሩ ሌላ ነው። ያ ሽቦ የሚሸከመው ከፍተኛ ኃይል ነው፤ ቤት ለመግባት በማከፋፈያ ጣቢያና በትራንስፎርመር መቀነስ፣ ከዚያም የራሱ ምሰሶና መስመር መዘርጋት አለበት። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ማን ሸጠብን?» ሳይሆን «የኛ ቀበሌ መስመር በየትኛው ዓመት ዕቅድ ውስጥ ነው?» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ሐሜት ይበላዋል፤ ሁለተኛው መልስ ያስፈልገዋል።

ሕጉም እንደነበረ አልቀረም። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ተነሺው የሚያገኘው ማስጠንቀቂያ ከ90 ቀን ያላነሰ ነበር፤ ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ የሚታሰበው የመፈናቀያ ካሳም የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ማስጠንቀቂያውን ወደ አንድ ዓመት ከፍ አደረገ፤ ስሌቱንም ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲሆን ደነገገ። ከዚያ ወዲህም ማሻሻያ ስላለ፣ ዛሬ የሚሠራበትን ከወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

ይህን ሁሉ ማወቅ ግን ስምሽ በደብተሩ ላይ ከሌለ ብዙ አይረዳም። ካሳ የሚከፈለው ለባለይዞታ ነው። የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት የይዞታ ማረጋገጫ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ያዝዝ ነበር፤ የኦሮሚያም አዋጅ ቁጥር 130/1999 ለባልና ሚስት የጋራ ማረጋገጫ ይሰጥ ነበር። ቢሆንም ደብተሩ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ ማን ስም እንደተጻፈበት ሳታይ የምትኖር እኅት በመካከላችን አለች።

ስለዚህ ለአባሎቻችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን የይዞታ ደብተራችንን ይዘን እንምጣ፤ ማንበብ የምትችለው ለማትችለው ታንብብላት። ማንም አዲስ ነገር ይዞ ሲመጣ ደግሞ ሦስት ጥያቄ በጽሑፍ እናቅርብ፤ ሥራው ቢበላሽ ኪሳራው የማን ነው? አቤቱታ የሚቀበለው ማን ነው? የተነገረን ቃል የት ተጽፏል? ለደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር እላለሁ። ከኋላ ወንበር «ቆይ» የሚል ድምፅ ስትሰሙ እንደ እምቢታ አትቁጠሩት። እነዚያ እናቶች እየጠየቋችሁ ነው፤ ቁጭ ብላችሁ መልሱላቸው።