የድባብ ሙዚቃ

«አምቢየንት» የሚባለውን ሙዚቃ ብዙዎች «ለስላሳ» ይሉታል። ለስላሳማ የሠርግ ክላሲካልም ነው፤ በጠርሙስም ይሸጣል! የ«አምቢየንት» የላቲን ሥር ግን ዙሪያን መዞር፣ መክበብ ነው። ሙዚቀኛው ብራያን ኢኖ ስሙን በ1978 እ.ኤ.አ. ለአየር ማረፊያ በሠራው አልበም ከማስለመዱ በፊት፣ በ1975ቱ «አናዘር ግሪን ዎርልድ» ከ14 ሥራዎች የዘፈነው 5ቱን ብቻ ነበር፤ የቀረው ከባቢ ድምፅ ነው። ቃሉ እኛም ጋ አለ፦ ድባብ። በቅኔ ስሟ በተጠራው ዋድላ፣ ኮን ከተማ ላይ ታቦት ሲወጣ ከላይ የሚዘረጋው ባለዘርፍ ጥላ ማለት ነው። «የበዓል ድባብ» ስንል ከጨርቁ ወደ ስሜቱ አሻገርነው። ለምሳሌ የሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያን የ1985ቱን (እ.ኤ.አ.) «ሸሞንሟናዬ» አልበም ስሙት፤ ዜማው አፍ ላይ ይቀራል፣ አኮርዲዮኑና ሲንተሳይዘሩ ደግሞ ያጠላሉ። ስለዚህ «የድባብ ሙዚቃ» እላለሁ። «ድባባዊ» ግን ይቅርብኝ፤ የቢሮ ደብዳቤ ደብዳቤ ይለኛል።