የድኅረ ምረቃ ቅበላን መጠበቅ፤ በመምህራን ኑሮና በትምህርት ቤት ሥራ ውስጥ የነበረው ስፍራ

የአንድ አገር የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ሲጻፍ በአብዛኛው የሚመዘገበው የተቋማት መከፈት፣ የተማሪዎች ቁጥርና የምሩቃን ብዛት ነው። ማመልከቻ ከተላከበት ቀን አንሥቶ መልሱ እስከሚደርስበት ቀን ያለው ጊዜ ግን በሠንጠረዥ ውስጥ እምብዛም አይገባም። ይሁን እንጂ አመልካቹ በዚያ ጊዜ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። ብዙውን ጊዜ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወይም በኮሌጅ ያስተምር ነበር። በመሆኑም መጠበቁ የአመልካቹ የግል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤቱም ጉዳይ ነበር።

ደብዳቤው ከባሕር ማዶ ይመጣ በነበረበት ዘመን

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. ይህ ኮሌጅና ሌሎች ኮሌጆች ተጠቃለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። በእነዚያ ዓመታት ትኩረቱ በዲፕሎማና በመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ስለ ነበር፣ ትምህርቱን ለመቀጠል የሚሻ ምሩቅ በአብዛኛው ፊቱን የሚያዞረው ወደ ውጭ አገር ነበር።

ለዚህም የሚያስፈልገው ዝግጅት ቀላል አልነበረም። የማርክ ዝርዝሩ በሬጅስትራር ማኅተም ታሽጎ መላክ ነበረበት፤ የቀድሞ መምህራንም የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉ መለመን ነበረባቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 መሰጠት የጀመረው ቶፍል የተባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናም በጊዜው ተጨማሪ ደረጃ ሆነ። ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ የሚቀረው መጠበቅ ብቻ ነበር።

በኢትዮጵያ ደብዳቤ በየቤቱ የሚታደል ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቁጥር የሚደርስ መሆኑ የታወቀ ነው። በአውራጃ ከተማ የሚያስተምርና የራሱ ሣጥን የሌለው መምህር አድራሻው የትምህርት ቤቱ ሣጥን ነበር። ደብዳቤውን ከፖስታ ቤት የሚያመጣው ተላላኪ ስለ ሆነ፣ የውጭ አገር ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ መምጣቱ ከባለቤቱ በፊት በጽሕፈት ቤቱ ይሰማል፤ ከዚያም በመምህራን ማረፊያ ክፍል ወሬ ይሆናል። ማመልከቱን ደብቆ ለመያዝ የፈለገ መምህር እንኳ ምሥጢሩን ለረጅም ጊዜ ሊጠብቅ አይችልም ነበር።

ሌላው ችግር የዘመን አከፋፈል ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት የሚጀምሩት በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም ገደማ ሲሆን፣ የገንዘብ ድጋፍ የተፈቀደላቸው አመልካቾች መቀበላቸውን እንዲያስታውቁ በብዙዎቹ የተለመደው የመጨረሻ ቀን ሚያዝያ 7 ነው። በዚህ ምክንያት መልሱ የሚጠበቀው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለማትሪክ በሚዘጋጁበት በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ነበር። እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ መምህሩም ተማሪውም ውጤት ጠባቂዎች ሆነው ይገናኙ ነበር ማለት ነው።

የጠባቂው የዕለት ኑሮ

መልስ የሚጠብቅ ሰው ኑሮውን በከፊል ያቆየዋል። አልጋና ቁም ሣጥን ከመግዛት ይልቅ ከባልደረቦቹ ጋር ቤት ተከራይቶ በጋራ መኖርን ይመርጣል። ጋብቻውን ለሚቀጥለው ዓመት ያስተላልፋል። ዕቁብ ለመግባትም ያመነታል፤ ዕጣ ከወጣለት በኋላ ዙሩ ሳያልቅ ቢሄድ የቀረው ክፍያ በዋሱ ላይ የሚወድቅ ነውና። ቤተ ዘመድም በተገናኙ ቁጥር «ደብዳቤው መጣ ወይ?» ማለታቸው አይቀርም።

ሽማግሌዎች «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያሉ ያጽናናሉ። ምሳሌው መልካም ቢሆንም በአንድ ነገር ከአመልካቹ ሁኔታ ይለያል። ዶሮ የታቀፈችው ዕንቁላል በ21 ቀን ገደማ እንደሚፈለፈል ቤተ ሰቡ ያውቃል፤ አመልካቹ ግን ቀኑን አያውቅም። ከጊዜው ርዝመት ይልቅ ያስቸገረው መጨረሻው አለመታወቁ ነበር።

ይህም በክፍል ውስጥ ይንጸባረቃል። በሚቀጥለው ዓመት መኖሩን የማያውቅ መምህር የክበብ ኃላፊነት ለመቀበል፣ ቤተ ሙከራ ለማደራጀት ወይም ከአንድ ዓመት በላይ የሚወስድ የመርጃ መሣሪያ ዝግጅት ለመጀመር ይቸገራል። ርዕሰ መምህሩም የመስከረሙን የክፍለ ጊዜ ድልድል በእርግጠኝነት ሊሠራ አይችልም።

በአገር ውስጥ ከተጀመረ በኋላ

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ የዩኒቨርሲቲውን መደበኛ ትምህርት አቋርጦ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ስላሰማራ፣ የብዙዎች የትምህርት ዕቅድ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 የማስተርስ፣ በ1987 ደግሞ የዶክትሬት ትምህርት ጀመረ።

በዚህም ርቀቱ አጠረ፤ መጠበቁ ግን መልኩን ለወጠ እንጂ አልቀረም። ቀድሞ አንድ መልስ ይጠብቅ የነበረው መምህር አሁን ሁለት መልስ ጠባቂ ሆነ፤ ይኸውም የዩኒቨርሲቲውን ቅበላና የመሥሪያ ቤቱን ፈቃድ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎት መሥሪያ ቤቱ የትምህርት ፈቃድ ቢከለክለው ወይም ቢያዘገይበት ቅበላው ከንቱ ይሆናል። በኋላ የተስፋፉት የማታና የክረምት መርሐ ግብሮች መምህሩ ክፍሉን ሳይለቅ እንዲማር ስለሚያስችሉ ይህን ችግር በከፊል አቃለዋል። ዛሬ ደግሞ የፈተና ውጤትና የቅበላ ማስታወቂያ በኢንተርኔት ስለሚገለጽ፣ ፖስታ ቤት የሚመላለሰው ተላላኪ ቀርቶ መምህሩ በእጅ ስልኩ ላይ ያፈጣል።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚሰጠው ትምህርት

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ የቅበላ መልስ የሚሰጥበት ቀን አስቀድሞ ቢታወቅና ቢከበር፣ ጊዜው ረዘም ቢል እንኳ መምህሩም ትምህርት ቤቱም ሥራቸውን ሊያቅዱ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ የመሥሪያ ቤት ፈቃድ ከቅበላው በፊት ቢወሰን ተቀባይነት ያገኘ መምህር በመካከል አይንገላታም፤ ተተኪም በጊዜ ይፈለጋል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ያልተመረጠውን መምህር ይመለከታል። ታሪክ የሄዱትን ይመዘግባል፤ ዲግሪያቸውና ሹመታቸው ይታወቃል። መልሱ አሉታ የሆነበት ወይም ጭራሹን መልስ ያልደረሰው ግን በማግሥቱ ጠመኔውን ይዞ ወደ ክፍሉ የተመለሰ ነው። ከተማሪዎቹም መካከል ኋላ ራሳቸው ለድኅረ ምረቃ ያመለከቱና የሄዱ ይገኙባቸዋል። ለእንዲህ ያለው መምህር ያልተመረጠበትን ምክንያት በግልጽ መንገርና እንደገና የሚያመለክትበትን መንገድ ማሳየት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ትምህርት ቤቱ ጸንቶ የሚቆመው ግን በዋነኛነት በክፍሉ በቀረው በዚህ መምህር ነው።