ነፃነቱ የማን ነበር?

ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ የፖቶማክን ወንዝ የተሻገረ ስደተኛ ተማሪ፣ አሌክሳንድሪያ ሲደርስ የአሜሪካ ነፃነት ከተመከረባቸው ከተሞች አንዷን ይረግጣል። ጁላይ 18 ቀን 1774 (እ.ኤ.አ.) የፌርፋክስ ወረዳ ባለርስቶች በጆርጅ ዋሽንግተን ሰብሳቢነት በከተማይቱ ፍርድ ቤት ተሰብስበው፣ ወኪል ያልላኩበት የእንግሊዝ ፓርላማ ግብር ሊጥልባቸው እንደማይገባ ወሰኑ። በዚያው ውሳኔ ባሪያ ከባሕር ማዶ ማስመጣትን አወገዙ፤ የራሳቸውን ባሮች ግን አልለቀቁም።

በ1775 ጦርነቱ ፈነዳ። የቨርጂኒያው የንጉሥ እንደራሴ ሎርድ ደንሞር፣ ከዐመፀኛ ጌቶቻቸው ከድተው ለንጉሡ የሚዋጉ ባሮች ነፃ ይወጣሉ ሲል ዐወጀ። እነሆ፣ በባሪያው ፊት ነፃ አውጪ መስሎ የቆመው ቅኝ ገዥው ነበር! በ1781 የዋሽንግተን ሠራዊትና የፈረንሳይ ጦር በምድር፣ የፈረንሳይ መርከቦች በባሕር ዮርክታውንን ከበው ጄኔራል ኮርንዋሊስን እጅ አሰጡት። በ1783 የተፈረመው የፓሪስ ውልም ነፃነቱን ሲያጸድቅ፣ እንግሊዞች ሲወጡ ጥቁሮችን ይዘው እንዳይሄዱ ከለከለ፤ ሰውን ከንብረት ቆጠረው።

በ1828 በዚህችው አሌክሳንድሪያ፣ በዱክ ጎዳና፣ ዛሬ ሙዚየም የሆነው የባሪያ ነጋዴዎች ቤት ተከፈተ። ባርነት በሕገ መንግሥት የተሻረው በ1865፣ ከሌላ ጦርነት በኋላ ነው።

በዚህ ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። በእኛ አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ድል የነሣችው አገራችንም ባርነትን በሕግ ፈጽማ የሻረችው በ1934 ዓ.ም. ነበር። ባዕድን ማባረር ታላቅ ድል ነው፤ የሕዝብን ነፃነት ግን በራሱ አያመጣም። ስለዚህ ድል በተነገረን ቁጥር፣ ነፃ የወጣው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ።