የቀጨኔው ልጅና የአፄ ምኒልክ አዋጅ

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንድ አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሌላውንም የእጅ ባለሙያ በሥራው የሚሰድብ ሰው እኔን እንደ ሰደበ ይቆጠራል፣ በእስራትም ይቀጣል የሚል ነው። የታሪክ መምህር ነኝና አዋጁን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። ንጉሠ ነገሥት ስለ ስድብ አዋጅ ማውጣቱ ያስገርማቸዋል። እኔን ግን ማሳቁን ካቆመ ቆይቷል። ለምን ቢባል፣ ያደግሁት ጉለሌ ነው።

ጉለሌን የሚያውቅ አንባቢ ቀጨኔንና ሽሮ ሜዳን ያውቃል። በቀጨኔ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና ቀጥቃጮች ሰፈሩ። በሽሮ ሜዳ ደግሞ የጋሞ ሸማኔዎች በረከቱ፤ አገራቸው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ በምኒልክ መንግሥት ሥር ከወደቀ በኋላ ወደ ዋና ከተማዪቱ የመጡ ናቸው። አዲስ አበባ ቡና የምታፈላበትን ጀበና፣ እንጀራ የምትጋግርበትን ምጣድ፣ ለበዓል የምትደምቅበትን ነጠላ ያገኘችው ከእነዚህ እጆች ነው። የመለሰችላቸው ግን “ጠይብ” እና “ቡዳ” የሚል ስም ነበር።

በደርግ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አንድ የቀጨኔ ልጅ ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ ይቀመጥ ነበር። እናቱ ሸክላ ሠሪ፣ አባቱ ሸማኔ ናቸው። አባቴ ዘበኛ ነበርና በገንዘብ ረገድ የእነርሱ ቤት ከእኛ ቤት ይሻል እንደ ነበር ዛሬ አስተውላለሁ፤ እርሱ ጫማ ሲኖረው እኔ አልነበረኝም። አንድ ቀን ከክፍሉ ልጆች አንዱ “እናቱ ሌሊት ጅብ ትሆናለች” አለ። በማግስቱ ምሳውን ሲከፍት ሁላችንም ፊታችንን አዞርን። እኔም ቦታዬን ቀየርሁ። ያ ልጅ በጥቂት ወራት ውስጥ ድምፁ ጠፋ፤ መምህሩ ሲጠይቀው አይመልስም፣ ሱሪው ላይ እስኪሸና ድረስ ይፈራ ጀመር። ዓመቱ ሳያልቅ ቀረ። አብዮቱ የእጅ ባለሙያዎችን በኅብረት ሥራ ማኅበር ባደራጀበት፣ ንቀትን የፊውዳል ቅሪት ብሎ ባወገዘበት ዘመን ነው ይህ የሆነው።

ስለ ድህነትና ስለ ሕጻናት አእምሮ ሲጻፍ ባነበብሁ ቁጥር ይህ ልጅ ይመጣብኛል። ዳንኤል ፈቃዱ፣ አታላይ ዓለምና አንድ ስዊድናዊ ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት የአዲስ አበባ ጥናት፣ ለሥራ ከተሰማሩ ሕጻናት 20.1 ከመቶው፣ ካልተሰማሩት ደግሞ 12.5 ከመቶው የአእምሮ ጤና ችግር ተገኝቶባቸዋል። ክብደት ያለው ማስረጃ ነው፤ በሽሮ ሜዳ ክር ሲያጠነጥኑ የሚውሉትን፣ “ትማራለህ” ተብለው ከጋሞ ደጋ በዘመድ እጅ የመጡትን ልጆች ላየ ሰው አያስደንቅም። ነገር ግን ቁጥሩ የሚሠራውን ከማይሠራው እንጂ የሚሰደበውን ከማይሰደበው አይለይም።

ገንዘብ ምን ያህል ይፈውሳል? በአሜሪካ፣ በኖርዝ ካሮላይና፣ የቸሮኪ ተወላጆች እ.ኤ.አ. በ1996 የቁማር ቤት ከፍተው ትርፉን ለየአባሉ ማከፋፈል ጀመሩ። ጄን ኮስቴሎና ባልደረቦቿ የአካባቢውን ልጆች ቀድሞውኑ ይከታተሉ ነበርና በ2003 ውጤቱን አሳተሙ። ከድህነት የወጡት ቤተሰቦች ልጆች ጠበኝነትና እምቢተኝነት ቀነሰ፤ ጭንቀታቸውና ድባቴያቸው ግን አልተለወጠም። ከዚህ ተነሥቼ ስለ ቀጨኔ መፍረድ አልችልም፣ ሐኪምም አይደለሁም። ሆኖም መንግሥታችን፣ የትኛውም መንግሥታችን፣ ስለ ድኻ ልጅ ሲናገር ገቢን ብቻ ሲቆጥር ስሰማ፣ ጫማ የነበረው ያ ልጅ ትዝ ይለኛል።

ሕጉም ቢሆን እዚያ ቤት አይገባም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎታል፤ የሚገዛው ግን የሥራ ውልን ነው። ከአጎቱ የሸማ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ክር የሚያጠነጥን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ውል አለው?

ባለፈው ዓመት አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ስለ ሸክላ ሥራ ታሪክ የመመረቂያ ጽሑፍ ልትሠራ ፈልጋ ቢሮዬ መጣች። እንዴት ይህን መረጥሽ ብላት እናቷ ሸክላ ሠሪ እንደ ሆኑ ነገረችኝ። ሰፈሯን ጠየቅኋት። በሩ መዘጋቱን ዘወር ብላ አየችና “ጉለሌ” አለችኝ። ጉለሌ የት እንደ ሆነ አልጠየቅኋትም።