ዋልካ ላይ የተዘረጋ መንገድ

የፎገራን ሜዳ በክረምት ማቋረጥ ድሮም ቀላል ሆኖ አያውቅም። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ ያነጠፉት ደለል ከሐሙሲት እስከ ወረታ፣ ከዚያም ወዲያ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ለሩዝ ገበሬ ሲሳይ የሆነው ይህ ጥቁር አፈር ለመንገድ ሠሪ ፈተና ነው።

የጥንቱ ሰው ዋልካን የሚያልፈው በትዕግሥት ነበር። ሲራራ ነጋዴውም ሠራዊቱም ክረምቱን ከርሞ መስቀል ሲጠባ ይነሣል። ዐፄ ቴዎድሮስ እንኳ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ ይዘው ከደብረ ታቦር የተነሡት በ1860 ዓ.ም. መግቢያ፣ ዝናቡ ሲያባራ ነው። መንገድ እያስጠረጉ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነበር።

መኪና ሲመጣ ግን መንገዱ ክረምት ከበጋ መሸከም ግድ ሆነበት። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን ለጦር መኪኖቹ መንገድ ዘረጋ። በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድርና በአሜሪካውያን መሐንዲሶች እገዛ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በደርግ ዘመን ቻይናውያን ከወረታ በደብረ ታቦር በኩል ወልድያ የሚደርሰውን መንገድ ሠሩ። ሠሪው ቢለዋወጥም የሜዳው አፈር ያው ነው።

በቀዝቃዛ አገሮች መንገድ የሚያፈርሰው ውርጭ ነው። ከአስፋልቱ ሥር ያለው እርጥበት በረዶ ይሆናል፤ በረዶው ከታች ውኃ እየሳበ ይወፍርና መንገዱን ሽቅብ ይገፋዋል። ፀደይ ሲገባ መቅለጥ የሚጀምረው ከላይ ነው። የታችኛው ገና ስላልቀለጠ ውኃው መውረጃ ያጣል፣ አፈሩ ይላቁጣል፣ ያኔ የሚያልፍ ከባድ መኪና አስፋልቱን ይሰብረዋል።

ፎገራ ላይ የበረዶውን ሥራ የሚሠራው ሸክላው ነው። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሚያዝያ ላይ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ የነሐሴ ዝናብ መልሶ ይዘጋዋል። አስፋልት የለበሰው የመንገዱ መሐል እርጥበቱ ብዙም ስለማይለዋወጥ ይረጋል፤ ጠርዙ ግን በየወቅቱ ይነሣል፣ ይወርዳል። ስንጥቁ በመንገዱ ርዝመት ጠርዝ ጠርዙን የሚሄደው ለዚህ ነው። ዳር ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍ ካለ፣ ሥሩ እርጥበቱን እየመጠጠ ነገሩን ያብሰዋል። አንዴ ከተሰነጠቀ በኋላ ደግሞ የቀጣዩ ክረምት ዝናብ በቀጥታ ወደ ሥር ይገባል።

እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 ኢሊኖይ ውስጥ የተደረገው የመንገድ ሙከራ ሁለት ነገር አስተምሯል። ብዙው ጉዳት የሚደርሰው በረዶው በሚቀልጥበት ወቅት ነው፤ በአንድ አክስል ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ አሥራ ስድስት እጥፍ ያህል ይሆናል። በሰሜን አሜሪካ ብዙ ግዛቶች በፀደይ ወራት የጭነት ጣሪያውን ዝቅ የሚያደርጉት ይህን ስለተረዱ ነው።

ዋልካን ቆፍሮ በገረጋንቲ መተካት፣ በኖራ ማጠንከር፣ መንገዱን በሙሌት ከፍ ማድረግና ትከሻውን አስፋልት ማልበስ የታወቁ መፍትሔዎች ናቸው፤ ሁሉም ግን ገንዘብ ይበላሉ። በአነስተኛ ወጪ የሚሠራው ዝናብ ሳይገባ፣ በግንቦት ቦዩን መጥረግና የሩዝ ማሳው ውኃ መንገዱን ተደግፎ እንዳይተኛ ማድረግ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ሚዛን ነው። ለአፈሩ የነሐሴ ጉልበትና የጥር ጉልበት አንድ ካልሆነ፣ በሁለቱም ወራት ለአንድ ሲኖትራክ እኩል ጭነት መፍቀድ የጥገናውን ወጪ በገዛ እጅ መጨመር ነው።